የመንግሥት ውል ውስጥ የምትገባው "ቦይኮት አላደርግም" የምትል አንቀጽ፦ ምን ትከለክላለች፣ ምን አትከለክልም?

ሚዛን_ዳላስ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ጥያቄ በመድረኩ ላይ በቁርጥራጭ እየተነሳ ሳይቋጭ ይቀራል። አንድ ቦታ ቢሰበሰብ ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። በአሜሪካ ከትምህርት ቤት፣ ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል የሚይዙ አስተርጓሚዎች፣ ተማሪ የሚያመላልሱ፣ ጽዳት የሚሠሩ፣ ምግብ የሚያቀርቡ ወገኖቻችን ከኢንሹራንስና ከታክስ አንቀጾች መሀል አንዲት መስመር ያገኛሉ፦ ድርጅቱ እስራኤልን ቦይኮት እንደማያደርግ፣ በውሉ ዘመንም እንደማያደርግ የምታረጋግጥ። ከ35 በላይ ስቴቶች በሕግ፣ በገዢው ትእዛዝ ወይም በምክር ቤት ውሳኔ ይህን የመሰለ ነገር አውጥተዋል።

ሦስት ነገር በትክክል ቢመለስ። መፈረም ያለበት ማን ነው? የፈረመ ሰው አደባባይ ወጥቶ ወይም ፌስቡክ ላይ "አትግዙ" ማለት ይከለከላል? የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ እያለ ይህ እንዴት ሊቆም ቻለ?

ስለ ጦርነቱ መከራከር ለሚፈልግ ሌላ ክር አለ። እዚህ የምንነጋገረው እስራኤልን የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም እኩል ስለሚነካ ነገር ነው፦ መንግሥት ስለምትገዛውና ስለማትገዛው ነገር ፊርማ ሊጠይቅህ ይችላል ወይ? ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉልን።

የጨረታ_ሰነድ

የመጀመሪያውን ልመልስ፣ ቴክሳስ ስለሆንክ ከቴክሳስ ልነሳ።

ሕጉ በ2017 ሲወጣ የገንዘብ ወለል አልነበረውም፤ ለብቻው የሚሠራ ሰው ሳይቀር ይፈርም ነበር። ከሜይ 2019ኙ ማሻሻያ ወዲህ አንቀጿ የምታስፈልገው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው። ድርጅቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሲኖረው፣ ውሉ 100,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ክፍያው በሙሉ ወይም በከፊል ከሕዝብ ገንዘብ ሲወጣ። ድርጅት ሳያቋቁም በግል ስሙ የሚሠራ ሰው ከነጭራሹ ከሕጉ ወጥቷል። ድንጋጌው በቴክሳስ የመንግሥት ሕግ መድበል ምዕራፍ 2271 ላይ ነው፤ በፊት 2270 ነበር። ቅጽህ ላይ 2270 የሚል ካየህ ምናልባት አሮጌ ቅጽ ነው የያዝከው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚሁ ጋ ነው። የግዢ ክፍሉ ቅጹን ከዓመት ዓመት እየቀዳ ስለሚሄድ አንቀጿ የማይመለከታቸው ሰዎች ውል ውስጥ ሳትወጣ ትቀራለች። 8,000 ዶላር የሚያወጣ የአስተርጓሚ ውል ላይ ብትገኝ ሕጉ ስላዘዘ አይደለም፤ ማንም ስላልሰረዛት ነው።

በዚህ ጊዜ በእስክሪብቶ ሰርዘህ ብቻ አትላክ፤ ጨረታ ከሆነ "ያልተሟላ ሰነድ" ተብሎ ሊጣል ይችላል። የጥያቄ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍ ለግዢ ኃላፊው በኢሜይል ጻፍ፦ "በግል ስሜ የምሠራ ነኝ" ወይም "ሠራተኞቼ ይህን ያህል ናቸው፣ የውሉ ዋጋ ይህን ያህል ነው፣ ምዕራፍ 2271 እኔን አይመለከትም፣ እባካችሁ አንቀጿ የወጣችበትን ቅጽ ላኩልኝ" በል። መልሱን ከውሉ ጋር አስቀምጥ። በስልክ "ችግር የለውም፣ ዝም ብለህ ፈርም" ቢሉህ አትቀበል፤ የተፈረመ ነገር እንደ ተጻፈው ነው የሚነበበው።

ደግሞ የቴክሳስን ቁጥር ይዛችሁ ሌላ ስቴት አትሂዱ። አርካንሳስ በ2017 ያወጣው ሕግ ከ1,000 ዶላር ይጀምራል። እዚያ የማይፈርም ሰው ያለው አማራጭ ዋጋውን 20 በመቶ መቀነስ ነው። የ10,000 ዶላር ሥራ በ8,000 ትሠራለህ ማለት ነው፤ ለመፈረም ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው 2,000 ዶላር ይከፍላል።

አንቀጽ29

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልግባ፤ የሁሉም ነገር ቁልፍ እዚያ ነው።

የቴክሳሱን ትርጉም ቃል በቃል አንብቡት። ቦይኮት ማለት ለመገበያየት እምቢ ማለት፣ የንግድ ግንኙነት ማቋረጥ፣ ወይም "በእስራኤል ወይም በዚያ ከሚነግድ ሰው ጋር ያለውን ንግድ ለመጉዳት፣ ለመቅጣት ወይም ለመገደብ ታስቦ የሚደረግ ማናቸውም ሌላ እርምጃ" ነው ይላል፤ ለተለመደ የንግድ ምክንያት የተደረገውን ብቻ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግዢን ይመለከታሉ። ሦስተኛዋ "ማናቸውም ሌላ እርምጃ" የምትለዋ ግን አፏ ሰፊ ነው። ሰልፍ መውጣት፣ በራሪ ወረቀት ማደል፣ ሌላውን "አትግዛ" ብሎ መቀስቀስ ንግድን ለመገደብ የታሰበ እርምጃ አይደለም ወይ?

በኤፕሪል 2019 የኦስቲን ፌዴራል ዳኛ ሮበርት ፒትማን ሕጉን ያገዱት በዚህ ላይ ተመርኩዘው ነው። ከሳሿ ከልጆች ጋር የምትሠራ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነበረች፤ የዓመት ውሏ ሲታደስ አንቀጿን አልፈርምም ብላ ሥራዋን አጣች። ከዚያ በፊት በጃንዋሪ 2018 የካንሳስ፣ በሴፕቴምበር 2018 የአሪዞና ፌዴራል ዳኞች በየስቴታቸው ያለውን አግደዋል። የአሪዞናው ከሳሽ ለእስረኞች የሕግ ምክር የሚሰጥ ጠበቃ ነበር፤ የውሉ ዋጋ 10,600 ዶላር ብቻ።

በሌላ በኩል በጁን 2022 የ8ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት (በርካታ ስቴቶችን የሚያካልል የፌዴራል ፍርድ ቤት) ዳኞች በሙሉ ተሰይመው የአርካንሳሱን ሕግ 9 ለ1 አጽንተዋል። ክሱን ያቀረበው አርካንሳስ ታይምስ የተባለ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው እስራኤልን ቦይኮት አያደርግም ነበር፤ ከአንድ የመንግሥት ኮሌጅ የሚያገኘውን ማስታወቂያ ለመቀጠል ስለ ፖለቲካ አቋም መፈረሙን ነው የተቃወመው። ፍርድ ቤቱ ግን "ማናቸውም ሌላ እርምጃ" የምትለውን ሐረግ አጥብቦ ተረጎማት፦ ከፊቷ የተዘረዘሩት ሁለቱ የግዢ ነገሮች ስለሆኑ እሷም የግዢ ነገር ብቻ ናት አለ።

ስለዚህ ለሚዛን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። አርካንሳስ ውስጥ በራሱ በፍርዱ መሠረት የፈረመ ሰው ሕጉን መተቸት፣ መሰለፍ፣ "አትግዙ" ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ራሱ በድርጅቱ ስም አልገዛም ማለት ግን አይችልም። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በፌብሩዋሪ 2023 "አናይም" ተባለ።

ቀይ_እስክሪብቶ

ተቃራኒውን ወገን ማንም ስላልወከለው እኔ ልናገር፤ የማምንበትም ነው።

እነዚህ ሕጎች ከፀረ-አድልዎ ሕግ ተለይተው መታየት የለባቸውም። አንድ የመንግሥት ተቋራጭ "ከእንትን አገር ሰው ዕቃ አልወስድም" ሲል የሚጎዳው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሚያቀርበው ሰው ነው። ስቴቱ የግብር ከፋዩን ገንዘብ በትውልድ አገር ለሚያገል ድርጅት አልሰጥም ማለቱ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ሱቅህ ውስጥ "ለኢትዮጵያዊ አልሸጥም" የሚል ሰው ሐሳቤን እየገለጽኩ ነው ቢል አንሰማውም።

ደግሞም አለመግዛት በራሱ ንግግር አይደለም። ከመደርደሪያ አንድ ዕቃ ያላነሳን ሰው ስታይ ተወዶበት ይሁን፣ ጠልቶት ይሁን፣ ተቃውሞ ይሁን አታውቅም፤ ካልነገረህ በቀር። በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሕግ ትምህርት ቤቶችና በሠራዊት መልማዮች ክርክር ላይ ያለው ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤቶቹ መልማዮቹን ከግቢ ማራቃቸው የተቃውሞ መልእክት የሚሆነው ሲያብራሩት ብቻ ስለሆነ ድርጊቱ ለብቻው ንግግር አይደለም ብሏል። የአርካንሳሱ ፍርድም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አንቀጽ29

እህቴ፣ የ2006ቱን ፍርድ በትክክል ነው ያስቀመጥሽው። የማልስማማው ከ2006 በፊት ያለውን ስለተውሽው ነው፤ የዚህ አገር ጥቁሮች የታገሉበት መሣሪያ እዚያ ውስጥ አለ።

በ1966 ሚሲሲፒ፣ ክሌይቦርን ካውንቲ፣ ፖርት ጊብሰን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ጥቁር ነዋሪዎች የጥያቄ ዝርዝር አቀረቡ፤ መልስ ሲያጡ ከነጮች ሱቅ መግዛት አቆሙ። ሱቆች ደጃፍ ላይ ሰዎች ቆመው ማን እንደገባ ይመዘግቡ ነበር፤ የገቡት ሰዎች ስም በቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ይነበብ ነበር። ነጋዴዎቹ ከሰሱ፤ የሚሲሲፒ ፍርድ ቤት ከ1.25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረደላቸው። በጁላይ 1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድም ተቃዋሚ ድምፅ ሳይኖር ሻረው። ዓመፅ ያልታከለበት የቦይኮቱ ክፍል በመጀመሪያው ማሻሻያ የተጠበቀ ነው፤ ስም መመዝገቡና ማንበቡም ቢሆን ሰውን የሚያሸማቅቅ ሆኖ ሳለ ተጠብቋል። ካሳ የሚጠየቀው ዓመፅ ከፈጸመው ሰው፣ በዓመፁ ለደረሰው ጉዳት ብቻ ነው ተባለ።

ከዚያም በፊት የሞንትጎመሪ፣ አላባማ ጥቁሮች የአውቶቡስ ቦይኮት አለ። አላባማ በ1921 ያወጣችው ፀረ-ቦይኮት ሕግ ነበራት። በ1956 ማርቲን ሉተር ኪንግ የተፈረደባቸው በዚያ ሕግ ነው፤ 500 ዶላር መቀጫና 500 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ። ያኔም ክሱ ንግድ ማደናቀፍ የሚል ነበር። አንድ ሰው አውቶቡስ ሳይሳፈር በእግሩ ሲሄድ ካየነው እኮ ምክንያቱን አናውቅም፤ 381 ቀን ከተማው ሙሉ በእግር ሲሄድ ግን ምክንያቱን ያልገባው ማን ነበር?

አድልዎን በተመለከተ ያነሳሽው ግን ከባድ ነጥብ ነው። ሰውን በትውልዱ ማግለል በነባሩ የሲቪል መብት ሕግ ይከለከላል፤ ለዚያ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የቴክሳሱ አንቀጽ ግን እስራኤል ውስጥ የሚነግድ የአሜሪካ ወይም የፈረንሳይ ኩባንያን አልገዛም ማለትንም ይጨምራል። እዚያ ላይ ትውልድ የለም፤ ፖለቲካ ብቻ ነው ያለው።

ቀይ_እስክሪብቶ

ያንን እቀበላለሁ፤ "በዚያ የሚነግድ" የምትለው ሐረግ ከአድልዎ ሕግ ትወጣለች። ግን የ1982ቱን ፍርድ ስታነሳ የዚያው ዓመት መንታውን አትርሳ። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን ስትወር የወደብ ሠራተኞች ማኅበር የሶቪየት ጭነት አናወርድም አለ። ንጹሕ የፖለቲካ ቦይኮት ነበር፤ ለደመወዝ አልነበረም። በኤፕሪል 1982 ያው ፍርድ ቤት፣ ይህም ያለ ተቃውሞ፣ በሠራተኛ ሕግ የተከለከለ ነው አለ። በ1990 ደግሞ የዋሽንግተን ጠበቆች ክፍያ ካልጨመራችሁ የድሆችን ጉዳይ አንይዝም ሲሉ የፀረ-ሞኖፖል ሕግ መጣስ ነው ተባለ። ቦይኮት ሁልጊዜ የተጠበቀ ነው የሚል ፍርድ የለም።

አንቀጽ29

የለም፣ ትክክል ነሽ። የጠበቆቹ ጥያቄ የራሳቸው ኪስ ነበር። የወደብ ሠራተኞቹ ደግሞ በማኅበር ተደራጅተው በጠቡ ውስጥ የሌለ ሦስተኛ ወገን ላይ ጫና አሳድረዋል። የፖርት ጊብሰን ሰዎች ሸማቾች ነበሩ፤ የጠየቁትም በሕገ መንግሥቱ የተሰጣቸውን መብት ነው። ዛሬ ያለው ክርክር አንድ አስተርጓሚ ወይም አንድ ጋዜጣ ከሦስቱ ለየትኛው ይቀርባል የሚለው ነው። ለእኔ ለሦስተኛው።

የመንግሥት ተቋራጭ መሆን መብት ያሳጣል ወይ ለሚል ደግሞ በ1996 የተወሰነ ነገር አለ። ካንሳስ ውስጥ የካውንቲውን ኮሚሽነሮች በጋዜጣ የሚተች ቆሻሻ አንሺ ውሉ ተቋረጠ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 የመንግሥት ተቋራጭም በንግግሩ ምክንያት ከሚደርስ በቀል ይጠበቃል አለ።

ሚዛን_ዳላስ

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ካንሳስ፣ አሪዞና፣ ቴክሳስ ላይ ዳኞች ካገዱት፣ 8ኛው ወረዳ ካጸናው፣ ይህ ልዩነት በይግባኝ ለምን አልተቋጨም?

የጨረታ_ሰነድ

የዚህ ክር ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም።

ካንሳስ በጃንዋሪ 2018 ታገደ። የስቴቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሕጉን ለውጦ ከ100,000 ዶላር በላይ ለሆነ የድርጅት ውል ብቻ አደረገው። ከሳሿ ለመምህራን ሥልጠና የምትሰጥ የሂሳብ መምህርት ስለነበረች ሕጉ እሷን መንካት አቆመ፤ ክሱ አበቃ። አሪዞና በሴፕቴምበር 2018 ታገደ፤ በ2019 ወለሉ 100,000 ዶላርና 10 ሠራተኛ ሆነ፤ ይግባኝ ሰሚው "አሁን የሚከራከር ሰው የለም" ብሎ ዘጋው። ቴክሳስም በኤፕሪል 2019 ታግዶ በሜይ ወለሉን አወጣ፤ ይግባኙ በ2020 እንዲሁ ቀረ። በጆርጂያ ጋዜጠኛዋ አቢ ማርቲን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ንግግር ለማድረግ አንቀጿን አልፈርምም ብላ ከሰሰች። በሜይ 2021 የአትላንታው ዳኛ ሕጉ መብት ይጥሳል ሲሉ፣ ከ1,000 ዶላር ይጀምር የነበረው በ2022 ወደ 100,000 ዶላርና 5 ሠራተኛ ከፍ አለ።

አካሄዱን አያችሁት? ከሳሽ የሚሆነው ሕሊናው የከበደበት፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው። ሕጉ ያንን ሰው በየጊዜው እየለቀቀ ትልልቆቹን ይዞ ይቀራል፤ 100,000 ዶላር ውል ያለው ድርጅት ደግሞ ደንበኛውን ለመክሰስ አይቸኩልም። በሂውስተን የደፈረ አንድ የምህንድስና ድርጅት ነበር። በጃንዋሪ 2022 እግድ አገኘ፤ በ2023 ይግባኝ ሰሚው የስቴቱን ዐቃቤ ሕግ ለመክሰስ በቂ መነሻ የለህም ብሎ እግዱን አነሳው። ሕጉ መብት ይጥሳል ወይስ አይጥስም የሚለው እስከ መጨረሻው ሳይነካ ቀረ።

ጥያቄው ሳይመለስ ሲቀር የሚፈራው ሰው ቁጥር አይቀንስም፤ አብዛኛው ሰው ማሻሻያውን ሳይሰማ አሮጌውን ቅጽ እየፈረመ አፉን ይይዛል። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ቤታቸውን ያጠፋባቸው የዲኪንሰን፣ ቴክሳስ ነዋሪዎች የእርዳታ ቅጽ ሲሞሉ ይህችው አንቀጽ ገብታላቸው ነበር። ጎርፍ ያፈረሰውን ግድግዳ ለማሠራት ስለ ውጭ አገር ፖለቲካ ማረጋገጫ! ከተማው ጩኸት ሲበዛ ነው ያወጣት።

ሰማያዊ_ናይል_ሜሪላንድ

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላለን፦ የሜሪላንዱ ሕግ አይደለም፣ በኦክቶበር 2017 የወጣ የገዢው ትእዛዝ ነው፤ ቃሉም ከቴክሳስ በጣም ይጠባል። የሚያስፈርመው ይህን ጨረታ ስታዘጋጅ ንዑስ ተቋራጭና አቅራቢ ስትመርጥ በእስራኤላዊ ትውልድ፣ በዚያ በመኖር ወይም በዚያ በመመዝገብ ምክንያት አላገለልኩም ብለህ ነው። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ከስሶ ነበር፤ በ2022 የ4ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ትእዛዙ የግል ቦይኮትህን አይነካም፣ ስለዚህ ጉዳት አልደረሰብህም ብሎ ዘጋው። ቤትህ ምን እንደምትገዛ፣ የት እንደምትሰለፍ አይጠይቅህም ማለት ነው። ቅጹን ስታነብ "በዚህ ጨረታ ዝግጅት" የምትለውን ሐረግ ፈልግ፤ እሷ ካለች ነገሩ ጠባብ ነው።

ባሕረ_ሰላጤ

የአርካንሳሱ ፍርድ መላው አሜሪካን ይገዛል ማለት ነው?

አንቀጽ29

አይደለም። 8ኛው ወረዳ ሰባት ስቴት ነው፦ አርካንሳስ፣ አዮዋ፣ ሚኒሶታ፣ ሚዙሪ፣ ነብራስካ፣ ሰሜንና ደቡብ ዳኮታ። ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው ይመለከተዋል፤ ዳላስ፣ አትላንታ፣ ሲያትል ያለ አይመለከተውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ "አናይም" ማለቱም ማጽደቅ አይደለም።

ባሕረ_ሰላጤ

ይህን የጠየቅኩት ከገልፍ ጋር የሚነግዱ ሰዎች ሌላ ሕግ ስላለባቸውና ሁለቱን ስለሚያምታቱ ነው። እሱን ልጻፍላችሁ።

በ1977 ኮንግረስ የአረብ ሊግን ቦይኮት ለመመከት ያወጣው የፌዴራል ሕግ አለ፤ አሁን በ2018 በታደሰው የወጪ ንግድ ሕግ ውስጥ ነው፤ የሚያስፈጽመው በንግድ ሚኒስቴር ሥር ያለ ጽሕፈት ቤት ነው። የሚከለክለው የራስህን ፖለቲካ አይደለም፤ የውጭ መንግሥት ለሚያራምደው፣ አሜሪካ ላልተቀበለችው ቦይኮት መተባበርን ነው። ቺካጎ ያለው ይግባኝ ሰሚ በ1984 የመናገር ነጻነትን አይጥስም ብሎታል።

በሥራ ላይ እንዲህ ይመጣል። አሜሪካ ያለ ነጋዴ ቡና ወይም ማሽን ወደ ኩዌት ይልካል እንበል። ገዢው በላከው ኤልሲ (በባንክ በኩል የሚመጣ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ላይ "ዕቃው የእስራኤል ምርት አለመሆኑ ይረጋገጥ" የሚል መስመር አለ። ያንን መጻፍ የተከለከለ ነው። "ዕቃው የኢትዮጵያ ምርት ነው" ብሎ በአዎንታ መጻፍ ግን ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ እምቢ ብያለሁና ጨርሻለሁ ይላል። አልጨረሰም። ጥያቄው ስለደረሰው ብቻ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ጥያቄው አሜሪካ ውስጥ ከደረሰው ሩብ ዓመቱ ባለቀ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ቀን፣ ከአሜሪካ ውጭ ከደረሰው ደግሞ ሌላ አንድ ወር ይጨመርለታል። ለአንድ ግብይት ቅጹ ቢአይኤስ 621ፒ፣ ለብዙ 6051ፒ ነው። ሰነዱን 5 ዓመት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2020 የቦይኮት ሕጓን ስለሻረች የአሜሪካ ግምጃ ቤት በቦይኮቱ ተባበሩ የሚሉ አገሮችን ከሚመዘግብበት ዝርዝር በ2021 ወጥታለች። ሆኖም የዱባይ ድርጅት አሮጌ የኤልሲ ቅጽ ሲልክ መስመሩ ሊኖርበት ይችላል፤ አገሩ ከዝርዝር ወጣ ብላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ናታንያ_ሰፈር

ከእስራኤል በኩል። በጁላይ 2011 ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) 47 ለ38 ያወጣው ሕግ እስር የለውም፤ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። በአደባባይ ቦይኮት የጠራ ሰው፣ ጥሪው ቦይኮት ሊያስከትል የሚችል ከሆነ፣ የተጎዳው ሊከሰው ይችላል። የገንዘብ ሚኒስትሩም ከመንግሥት ጨረታና ድጎማ ሊያግደው ይችላል። በኤፕሪል 2015 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች ተሰይመው ጉዳት ሳይረጋገጥ መቀጫ የሚያስከፍለውን ክፍል ሰረዙት፤ አብዛኛውን ግን አጸኑት። በ2018 የኢየሩሳሌም ፍርድ ቤት አንዲት ዘፋኝ ኮንሰርቷን እንድትሰርዝ በደብዳቤ የጠየቁ ሁለት የኒውዚላንድ ሰዎችን 45,000 ሰቅል ገደማ አስከፍሏል፤ ካሳው የተፈረደው ትኬት ለገዙ ወጣቶች ነበር።

ለእኛ ማኅበረሰብ ማወቅ የሚያስፈልገው ትርጉሙን ነው። ሕጉ የሚይዘው ሰውን ወይም ድርጅትን ከእስራኤል መንግሥት፣ ከተቋሟ ወይም በቁጥጥሯ ሥር ካለ አካባቢ ጋር ባለው ግንኙነት ብቻ ማግለልን ነው። በ2018 አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ከወይኑ አራቀ ተብሎ ሲዘገብ "አትግዙ" ያለ ሰው በዚህ ሕግ አይከሰስም፤ ምክንያቱ ዘረኝነት እንጂ ከመንግሥት ጋር ያለ ግንኙነት አልነበረም። "ቦይኮት የሚል ቃል ከጻፍኩ እከሰሳለሁ" ብለው በዚህ ዓይነት ጉዳይ ዝም የሚሉ ልጆች አሉ። ዝም አትበሉ።

ዋልያ_ኮሎኝ

አውሮፓ ላይ ሁለት ጥንድ ፍርዶች ካወቃችሁ ሌላው ይቀላል።

ጀርመን። በ1958 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ፣ ኤሪክ ሉት የተባለው የሃምቡርግ ባለሥልጣን የናዚ ዘመን ፕሮፓጋንዳ የሠራውን የዳይሬክተር ቫይት ሃርላንን አዲስ ፊልም አትዩ ማለቱ የተጠበቀ ንግግር ነው አለ። በ1969 ደግሞ የሽፕሪንገር አሳታሚ ድርጅት የምሥራቅ ጀርመንን የራዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚያትም ጋዜጣ የሚሸጡ ኪዮስኮችን ጋዜጣ አልሰጣችሁም ብሎ ሲያስፈራራ፣ ያ አልተጠበቀም። ልዩነቱ ሉት በቃል አሳመነ፣ ሽፕሪንገር በገበያ ጉልበቱ አስገደደ።

ፈረንሳይ። አንድ ከንቲባ በከተማው ስም የእስራኤል ምርት እናቆማለን ሲል 1,000 ዩሮ ተቀጣ፤ በ2009 ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ቅጣቱ ትክክል ነው አለ። በጁን 2020 ደግሞ በአልዛስ ሱፐርማርኬት ገብተው ሸማቹን "አትግዙ" ያሉ 11 ሰዎች መቀጣታቸው የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ብሎ በሙሉ ድምፅ ፈረደ። የመንግሥት ሥልጣን ይዘህ ስትናገርና እንደ ዜጋ ስትናገር ሚዛኑ ይለያያል።

ቀይ_እስክሪብቶ

ይህ የዋልያ ጥንድ እኔ ስፈልገው የነበረው መስመር ነው። ማሳመን ይፈቀድ፣ ማስገደድ ይከልከል። የአሜሪካ ስቴቶች ሕጉን እንዲህ ቢጽፉት ቅሬታዬም የእናንተም ይቀንስ ነበር።

እንጦጦ_ማዶ

አንድ የቃል ነገርና አንድ ጥያቄ። ሰው ቦይኮትን "ማዕቀብ" እያለ ሲተረጉም ቅጹ ይበላሻል። ማዕቀብ መንግሥት በመንግሥት ላይ የሚጥለው ነው፤ "ማዕቀብ አልጥልም" ብሎ የሚፈርም ግለሰብ የፈረመውን አልተረዳም። በአገር ቤት እሳት አትጫሩለት፣ ውሃ አትቅዱለት ተብሎ ሰው ከማኅበር ሲገለል የነበረው ለቦይኮት ይቀርባል።

ጥያቄዬ፦ ከአሜሪካ ሆኖ "ወደ ኢትዮጵያ ገንዘብ በባንክ አትላኩ" የሚል ጥሪ እነዚህን ሕጎች ይነካል?

አንቀጽ29

አይነካም። አብዛኞቹ የስቴት ሕጎች አገር በስም ይጠራሉ፤ የቴክሳስ ምክር ቤት በ2021 የነዳጅና የጦር መሣሪያ ኩባንያዎችን ቦይኮት የሚመለከቱ ሁለት ጨምሯል፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ጥሪው ራሱ በሰፊው የተጠበቀ ንግግር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጽፍ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይሰጣል፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓ 2020) ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን ወይም መድልዎን የሚያስፋፋ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። "ይህን ባንክ በዚህ ፖሊሲው ምክንያት ተዉት" ማለትና "ከእነ እንትን ብሔር ሱቅ አትግዙ" ማለት በዚህ አዋጅ ፊት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው በሕግ ባይከለከልም እንኳ ሊባል የማይገባው ነው።

ሚዛን_ዳላስ

የመጨረሻ ጥያቄ ለ"የጨረታ_ሰነድ"። አስተርጓሚው ከትምህርት ቤቱ ጋር ሳይሆን ከኤጀንሲ ጋር ነው የሚፈርመው። ኤጀንሲው 10 ሠራተኛና 100,000 ዶላር ካለው አንቀጿ ወደ እሱ ትወርዳለች?

የጨረታ_ሰነድ

ምዕራፍ 2271 የሚናገረው በመንግሥት አካልና በድርጅቱ መካከል ስላለው ውል ነው፤ ወደ ንዑስ ተቋራጭ አውርዱ አይልም። ኤጀንሲዎች ግን የዋናውን ውል አንቀጾች እንዳለ ወደ ራሳቸው ውል ይገለብጣሉ። ብዙ ጊዜ በዋናው ገጽ ላይ አታገኛትም፤ "ከደንበኛው የሚወርዱ ግዴታዎች" በሚል አባሪ ውስጥ ናት፣ ወይም "የዋናው ውል ድንጋጌዎች ሁሉ ይጸናሉ" በምትል አንዲት መስመር ትገባለች። ሁለተኛው ከሆነ ዋናው ውል ይላክልኝ በል፤ ሳታየው አትፈርም።

ኤጀንሲው የግል ድርጅት ስለሆነ የመጀመሪያውን ማሻሻያ በእሱ ላይ ማንሳት አትችልም፤ የሚያዋጣው ድርድር ነው። "በግል ስሜ የምሠራ ነኝ፣ ሕጉ ከእኔ ይህን ማረጋገጫ አይጠይቅም፣ ከአባሪው አውጡልኝ" ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። እምቢ ካሉ ቢያንስ "በዚህ ውል ሥራ አፈጻጸም ብቻ" የሚል ቃል እንዲጨመር ጠይቅ፤ ይህ ግዴታውን ከኤጀንሲው ሥራ ሳያወጣ ቤትህንና አደባባይህን ይተውልሃል።

እና የኤጀንሲ ውል በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ ከሆነ አባሪው መለወጡን ሳያስታውቁህ ሊለወጥ ይችላል፤ እድሳቱ ከመድረሱ 30 ቀን በፊት አዲሱን አባሪ ጠይቀህ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አንብበው።